በግንፍሌና በቀበና ዳር በእግር መጓዝ፦ ከአራት ኪሎ ተነስቶ እስከ መመለስ

ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ በታክሲ የሚመላለስ ሰው መጀመሪያ ግንፍሌን፣ ቀጥሎ ቀበናን ተሻግሮ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል ሽቅብ ይወጣል። ሁለት ወንዝ መሻገሩን ግን ልብ አይለውም። ድልድዮቹ አጫጭር ናቸው፤ ሚኒባሱም ፍጥነት ሳይቀንስ ያልፋቸዋል። ይህ መመሪያ አንድ ቀን ድልድዩ ጋ «ወራጅ አለ» ብሎ ወርዶ ወንዙን ተከትሎ ለመሄድ ላሰበ ሰው ነው።

ድሮ ወንዝ ዳር መሄድ ማለት በቆሻሻ ክምርና በአጥር ሥር መሹለክ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ተነሳ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መሃል ከተማውን ሲያዳርስ ብዙ ቦታ የእግረኛ መንገድ፣ መቀመጫና መብራት ገባ። ቢሆንም መንገዱ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው ብላችሁ አትውጡ። የተነጠፈው ድንጋይ ድንገት አልቆ አፈር ይሆናል፤ ሥራ ያለበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ከካርታው ይልቅ ወንዙን ማወቅ ይጠቅማል፤ ወንዙን ለማወቅ ደግሞ እንጦጦን ማየት።

መጀመሪያ፦ እንጦጦን ተመልከቱ

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መስቀል አደባባይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ይህን ሁሉ ቁልቁለት በጠባብ ሸለቆ ይወርደዋል። ድሮ ሣርና ዛፍ ይዞት የሚዘገየው ውሃ ዛሬ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከኮብልስቶንና ከአስፋልት ላይ ተንደርድሮ ቦዩን ይሞላል። ለዚህ ነው ቀበና ድልድይ ላይ ፀሐይ እየሞቃችሁ ጎርፍ ሊመጣባችሁ የሚችለው። አናታችሁ ላይ ያለው ሰማይ ምንም አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ በስተሰሜን ያለው ነው።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ሰሜን እዩ። የእንጦጦ ጫፍ ጥርት ብሎ ከታየ ሂዱ። ጉም ቢጤ ከሆነ፣ በተለይ ጠዋት በጥቅምትና በኅዳር፣ ችግር የለውም፤ ፀሐይ ስትጠነክር ይገፈፋል። ተራራው ጠቁሮ ከታች ወደ ላይ የማይለይ ከሆነ ግን የወንዝ ዳሩን ትታችሁ በአስፋልቱ ሂዱ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ደግሞ ውይይት አያስፈልገውም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ምርጡ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። ውሃው ገና አልቀነሰም፣ ዳርቻው አረንጓዴ ነው፣ ጭቃውም ደርቋል። ከጥር እስከ የካቲት ሰማዩ ንጹሕ ቢሆንም ወንዙ ይመነምናል፤ ሲመነምን ሽታው ይበረታል፣ እንዲያውም እኩለ ቀን ላይ አያስቆምም። በበልግ አልፎ አልፎ የሚጥለው ዝናብ ሰውን የሚያዘናጋ ነው፤ «ክረምት አይደለም» ብሎ የሚወርድ ብዙ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባትወርዱ ይሻላል። የግድ ካሰኛችሁ ጠዋት ብቻ፣ ምክንያቱም የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚጥለው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይሁን። ከ11 ሰዓት በኋላ አትጀምሩ። የምሽቱን ነገር ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አንድ የበዓል ማሳሰቢያ፦ በደመራ ዕለት (በመስቀል ዋዜማ) እና በጥምቀት ሰሞን መንገዶች ይዘጋሉ። በተለይ በጥምቀት ጃንሜዳ አካባቢ ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው።

ምን ይያዝ

ጫማው ጥርስ ያለው ስኒከር ከሆነ ይበቃል፤ የተራራ ጫማ አያስፈልግም። ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታል። ሱሪው ረጅም ይሁን፤ ዳር ዳሩን ሳማ አለ፣ ሳማ ደግሞ አጭር ቁምጣ አይቶ አይምርም። አንድ ሃይላንድ ውሃ፣ ቆሎ ወይም ሙዝ፣ ቆሻሻችሁን የምትይዙበት ፌስታል፣ ሳሙና ወይም ሳኒታይዘር፣ ቀላል የዝናብ ጃኬት፣ መታወቂያ። ስልካችሁ በፊት ኪስ ይቀመጥ። እያወሩ በእጅ ይዞ መሄድ በተለይ ድልድይ ላይና አስፋልት ጠርዝ ላይ ጥሩ አይደለም፤ በሞተር የሚያልፍ ነጣቂ እጅ ውስጥ ያለውን ነው የሚያየው።

ጆሮ ማዳመጫ ቤት ይቅር። ምክንያቱን ስለ ውሃው ስናወራ ታገኙታላችሁ።

መንገዱ

አራት ኪሎ ከየትም ሰፈር በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ይደረሳል። ከሐውልቱ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ሂዱ። መጀመሪያ የምታገኙት ግንፍሌ ነው። እዚህ ለመውረድ አትቸኩሉ፤ ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ውሃውን ብቻ እዩት። ግንፍሌ ከቀበና ያነሰ ስለሆነ የዕለቱን ሁኔታ ለመገመት ጥሩ መለኪያ ነው። እሱ ከደፈረሰ ቀበና የባሰ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ቀበና ቀጥሉ። በእግር ከአራት ኪሎ እስከ ቀበና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ በግራ በኩል ያለው የወንዙ ራስ ነው፣ ከእንጦጦ የሚመጣው፤ በቀኝ ያለው ግርጌው፣ በኡራኤልና በቦሌ በኩል አድርጎ ወደ አቃቂ የሚወርደው። ውሃው በመጨረሻ አባ ሳሙኤል ግድብ ደርሶ አዋሽን ይቀላቀላል።

ወደ ግራ ሂዱ። ብዙ ሰው ወደ ታች መሄድ ይቀለዋል፤ ቁልቁለት ስለሆነ። እኔ ግን ሁልጊዜ ሽቅቡን እመክራለሁ፣ ለሦስት ምክንያት። ጉልበታችሁ ገና ሳይደክም ዳገቱን ትጨርሳላችሁ። ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር ውሃው እየጠራ፣ ሽታውም እየቀነሰ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊታችሁ ወደ እንጦጦ ነው፤ ደመና ሲከማች ሳትዞሩ ታያላችሁ። ወደ ታች የሚሄድ ሰው አደጋውን በጀርባው አድርጎ ነው የሚጓዘው።

ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አቅጣጫ አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ሂዱ። የሚቋረጥ መንገድ ሲገጥማችሁ በአጥር ሥር ለመሹለክ ወይም በድንጋይ እየዘለላችሁ ወንዙን ለመሻገር አትሞክሩ፤ ወደ ሰፈር ውስጥ ውጡና ቀጥሎ ባለው መውረጃ ተመለሱ። ስትመለሱ ደግሞ በመጣችሁበት ዳርቻ አትውረዱ። በላይኛው አስፋልት በእግር ወይም በታክሲ ተመለሱ፤ ያን ጊዜ ጀርባችሁ ለተራራው ነውና።

ከሌላ አገር ወይም ከቆላ ለመጡ እንግዶች፦ ከፍታው ያስተነፍሳል። ዳገቱን ዝግ ብላችሁ ውጡ፤ እያወራችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

ውሃውን ማንበብ

ከሌላው ሁሉ ይህን በደንብ እወቁ።

ዳርቻው ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ቅርንጫፎቹን ተመልከቱ። ወንዙ ዳር ባሉ ቁጥቋጦዎችና የግራር ቅርንጫፎች ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል፣ የጨርቅ ብጣሽ፣ የደረቀ ጭራሮ ታያላችሁ። ሰው የጣለው ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ወንዙ ግርጌ፣ ተጎትቶ ነው የተጠመጠመው፤ በእጥፋቱ ውስጥም ደቃቅ ደለል ደርቆ ይዟል። ጎርፉ ባለፈው ክረምት የደረሰበት ልክ ያ ነው። አንዳንዱ ከወገብ፣ አንዳንዱ ከሰው ቁመት በላይ ይገኛል። የቆማችሁበት ቦታ ከፌስታሎቹ በታች ከሆነ፣ በዝናብ ወቅት ወንዙ ውስጥ ቆማችኋል ማለት ነው። ለዕረፍት የምትቀመጡት ሁልጊዜ ከዚያ መስመር በላይ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የድጋፍ ግንቡን ተመልከቱ። ድንጋዩ ላይ ከታች ጠቆር፣ ከላይ ነጣ ያለ መስመር አለ። ውሃው ሁለቱ ቀለሞች ከሚገናኙበት መስመር በታች ከሆነ እንደተለመደው ነው። መስመሩን ሲነካ ካያችሁ ከፍ በሉ።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። የተረጋጋ ወንዝ ይንሿሿል፤ ሊሞላ ያለ ወንዝ ድምፁ ይወፍራል፤ ከሥሩ ድንጋይ ሲንከባለልና ሲጋጭ ይሰማል። ጆሮ ማዳመጫ ቤት ይቅር ያልኩት ለዚህ ነው። ከድምፁ ጋር ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ ውሃው ቀለሙን ይለውጣል፤ ግራጫው ወደ ቡናማ ወይም ቀላ ወዳለ ይዞራል፤ ቅጠል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና አረፋ በብዛት መውረድ ይጀምራል። ይህን ስታዩ ቪዲዮ ለመቅረጽ አትቁሙ። ወደ መጣችሁበት መሮጥም አይደለም፤ ቅርብ ወዳለው ደረጃ ወይም ዳገት ወደ ጎን ውጡ። ድልድይ ሥር መጠለል ዝናቡን ሊያስቀር ይችላል፣ ጎርፉን ግን አያስቀርም።

ውሃውን አትንኩ። ወደ መሃል ከተማ በገባ ቁጥር የመጸዳጃ ፍሳሽ ይቀላቀለዋል፤ ጠርቶ መታየቱ ንጹሕ አያደርገውም። ፊት ለመታጠብ፣ ፍራፍሬ ለማለቅለቅ፣ ጫማ ለማጠብ አይሆንም። ቁስል ካላችሁ ሸፍኑት። ልጆች ካሉ እጃቸውን ሳይታጠቡ ምንም አይቅመሱ።

ሰው፣ ጥበቃ፣ ካሜራ

ወንዝ ዳሩ የሰው ደጅ ነው። ጠዋት ላይ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ወጣቶች ሲሮጡ፣ ሴቶች መንገዱን ሲጠርጉ ታገኛላችሁ። ሰላምታ ስጡ። «እንደምን አደሩ» ያለ ሰው መንገዱን ሲጠይቅ ትክክለኛውን ይነገረዋል። ለምሳሌ፦

«እማማ፣ ይሄ መንገድ ወደ ድልድዩ ያወጣል?»

«ያወጣል ልጄ። ግን ውሃው ሲሞላ ያቺ ጥግ ትዋጣለች፤ በላይኛው ብትሄጂ ይሻልሻል።»

እንዲህ ያለውን የትኛውም የስልክ ካርታ አይነግራችሁም። ጥበቃዎችንም «ጋሼ» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ «እዚህ ፎቶ ማንሳት ይቻላል?» ማለት አንስቶ በኋላ ከማስረዳት ይቀላል። ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ ፖሊስና ወታደር አይነሱም። በዚህ መስመር ኤምባሲ ስለሚበዛ ካሜራውን ወደ ወንዙ ብቻ አዙሩ። ሰውንም ሳታስፈቅዱ አታንሱ፤ በተለይ ልብስ የሚያጥቡና የጎዳና ልጆችን።

ብቻችሁን መሄድ ጠዋት ሰው በሚበዛበት ክፍል ችግር የለውም። ቁጥቋጦው በሚጠብቅበትና ቤት በሌለበት ክፍል ግን ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ ሴቶች ይህን ቢጠብቁ እመክራለሁ።

ውሻና ጅብ

ውሻ ቢጮህባችሁ አትሩጡ። ቁሙ፤ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሳችሁ ምሰሉ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ውሻ ይህን ምልክት ያውቀዋል፣ ያፈገፍጋል። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ በጊዜ ሲጀመር ግን ያድናል። ጉለሌ ያለው፣ ሰው ዛሬም «ፓስተር» የሚለው ተቋም ክትባቱን ሲያመርት የኖረ ነው። የባህል መድኃኒትም ጠበልም የፈለገ ሰው ከክትባቱ ጋር ያድርገው፤ በክትባቱ ፋንታ አይሁን።

ጅብ ከተማ ውስጥ አለ። ቀን በሸለቆው ጢሻ ይውላል፣ ሲመሽ ለቆሻሻ ይወጣል። ቀን ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይተናኮልም። ከመሸ በኋላ ግን ወንዝ ዳሩ የእሱ ነው፤ መብራት በተተከለበት ክፍልም ቢሆን ከ12 ሰዓት በፊት ጨርሳችሁ ውጡ።

ምን ይታያል

ቀስ ብሎ ለሚሄድ ብዙ። ዳግማዊ ምኒልክ ለየለጋሲዮኑ፣ ማለትም ለየኤምባሲው፣ የሰጧቸው ሰፋፊ ግቢዎች ዛሬ የከተማዋ ትልልቅ ደኖች ሆነዋል፤ ወፉም ዝንጀሮ መሰሉ ጉሬዛም ከዚያ ነው የሚኖረው። ጠዋት ሰፈሩን በጩኸት የሚያነቃውን፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የተቆለመመውን ትልቅ ጥቁር ወፍ ቀና ብላችሁ ፈልጉት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ግራጫና ነጭ ትንሽ ወፍ ካያችሁ ቆም በሉ፤ አትቸኩልም፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየሄደች ትንንሽ ነፍሳት ትለቅማለች። ጭልፊት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ዳቦ በእጃችሁ ይዛችሁ ስትበሉ ከኋላ መጥቶ ይነጥቃል። ዛፍ ሥር ሆናችሁ ብሉ።

ከዛፎቹ ባሕር ዛፉን ሁሉም ያውቀዋል። እሱን እለፉና ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ፈልጉ፤ እነዚህ የአገሩ ናቸው። በአጥር ላይ የሚወጣ እንዶድ ካገኛችሁም ፍሬውን አትቅመሱ፣ መርዝነት አለው፤ ግን ወንዝ ዳር መቆሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ልብስ ያጥብበት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል የደረሱበት። አንድ ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃውን በጥሞና በማየቱ የተገኘ ነገር ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር በችኮላ የሚያልፉ ሯጮችን ማስቆም ያምረኛል።

ከልጅ ወይም ከሽማግሌ ጋር ከሆነ

ቀበናን ተዉት። ወደ ወዳጅነት ፓርክ ሂዱ። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ይህ መናፈሻ በባንተ ይቀጡ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለው፤ መንገዱ የተስተካከለ፣ መቀመጫውና ጥላው የበዛ፣ መጸዳጃ ቤት ያለበት። መግቢያ ይከፈላል፤ በር ላይ ፍተሻ አለ። ጋሪ የሚገፋና ከዘራ የያዘ ሰው በምቾት ይሄዳል። የዱር ወንዝ ስሜት ግን አትጠብቁ፤ ሁሉም የተደረደረ ነው።

ስትጨርሱ

ድካሙን ማውጣት የፈለገ ወደ ፍልውሃ ይውረድ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የሠፈሩበት፣ ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችበት ምክንያት ይህ ፍል ውሃ ነው። ከተራራው በሚወርደው ውሃ ዳር የሄደ እግር ከምድር በሚወጣው መታጠቡ ተገቢ ነው። ቅዳሜና እሁድ ወረፋው ይረዝማል።

ጫማውን ግን ይዛችሁ ቤት አትግቡ። ደረቅ ጭቃ ሲሆን ከደጅ አራግፉት፤ እርጥብ ከሆነ ሶሉን በሳሙናና በብሩሽ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ የወንዝ ዳር አፈር የፍሳሽ አፈር ነውና። ቆዳ ጫማ ላደረገ ሰው ደግሞ አራት ኪሎ ሊስትሮ አይጠፋም፤ ሶሉንም ጨምሮ እንዲያጥብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ ላዩን ብቻ አብርቶ ይሸኛችኋል።